«ዋይ» ሲባል ፊት ለምን ይለወጣል?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምሠራው። ሦስት ዓመት ሆነኝ። እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው ይሉኛል። ሰሞኑን አብራኝ የምትሠራ አሜሪካዊት የአንዲት እናትን ዎከር (ተደግፈው የሚራመዱበትን) ከአልጋው አጠገብ አንስታ ጥግ ስታቆመው አየሁና «ዋይ ዲድ ዩ ሙቭ ኢት?» አልኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። «አይ ኖው ዋት አይም ዱዊንግ» ብላኝ ወጣች። በሌላ ቀን ደግሞ እኔ ከአንዲት ታካሚ ባት ስር ትራስ ሳስገባ እሷው መጥታ «ዋት አር ዩ ዱዊንግ ዛት ፎር?» አለችኝ። «ፎር ዘ ፔሸንት» ብዬ መለስኩላት። ሳቀች። ምን አጠፋሁ? ያ መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለው «ፎር»ስ ምንድን ነው? እነሱ አንድ ሰው ያን ነገር ለምን እንዳደረገ መጠየቅ ሲፈልጉ በትክክል የሚሉት ምንድን ነው?»

እህቴ፣ የጠየቅሽው ዓረፍተ ነገር ሰዋስዉ ልክ ነው። አንድ ቃል አይነካም። ጥፋት ካለ እንደኔ ያለ አስተማሪ እጅ ላይ መውደቅሽ ነው። ደሴ ላይ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ «ዋይ» ብዬ እጽፋለሁ፤ የእኩል ይሆናል ምልክት አደርጋለሁ፤ ከዚያ «ለምን» እላለሁ። ተማሪው ይገለብጣል፣ እኔም ወደሚቀጥለው ቃል አልፋለሁ። ያቺ ሁለት ሰረዝ ውሸቷን እንደነበረ የገባኝ ቨርጂኒያ መጥቼ ሆስፒታልና ፍርድ ቤት ማስተርጎም ስጀምር ነው።

መጀመሪያ የራሳችንን ቃል እንፍታው። «ለምን» ስናየው አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው፤ «ለ» እና «ምን»። ለምን ነገር? ለየትኛው ጥቅም? ቃሉ ከመነሻው የሚጠይቀው ዓላማን ነው። ግዕዙም «ለምንት» ይላል፤ አሠራሩ ያው ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ቀኑን ሙሉ የሚሉት «ላማ»ም «ለ» እና «ማ» ነው፤ «ማ» ማለት ምን። በስቅለት ዕለት የምንሰማው «ላማ ሰበቅታኒ» ውስጥ ያለውም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ዓረብ አገር የሠራ ሰው ደግሞ «ሌሽ»ን ያውቃታል። እሷም «ለየትኛው ነገር» ከሚል ሐረግ ተጨማድዳ የቀረች ናት። ሰፈሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ማለት ነው።

ከዚያ ቃላችን ሰፋ። ዛሬ «ዝናቡ ለምን ቀረ?» እንላለን። ዝናብ አስቦበት አይቀርም፤ የምንጠይቀው መንስኤውን ነው። «ለምን ሰደብከኝ?» ስንል ደግሞ ዓላማውንም መንስኤውንም ለማወቅ ብዙ ጉጉት የለንም፤ እየወቀስን ነው። በአንድ «ለምን» ሦስት ሥራ እንሠራለን። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ድምፅና ፊት ነው።

የእንግሊዝኛው «ዋይ»ም ዘሩ «ምን» ነው፤ የመጣበት በር ግን ይለያል። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዋት» የሚለው ቃል «በምን» ለማለት ሲፈለግ የሚይዘው መልክ ነበር። ስለዚህ እኛ ከ«ለምን» ስንነሳ እነሱ ከ«በምን» ተነሱ ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። የኛን «ለምን» ቁርጥ የሚመስል ቃልም ነበራቸው፤ «ዌርፎር» ይባላል። ዛሬ ብዙዎቹ ባለቋንቋዎች ራሳቸው ይህን ቃል ሲሰሙ «የት» ማለት ይመስላቸዋል። በወሬ መሀል የምትሰሚው «ዘ ዋይስ ኤንድ ዌርፎርስ» በምትል አባባል ውስጥ ነው፤ የነገሩን ምክንያት ከነዝርዝሩ ለማለት።

አሁን ወደ ዎከሩ እንመለስ። «ዋይ ዲድ ዩ ሙቭ ኢት?» ስትያት ምን ሰማች? ድርጊቱ አልቋል። «ዲድ» ያን ይናገራል። ያለቀ ነገር አይታረም፤ የሚቀረው ራስን መከላከል ብቻ ነው። መሀል ላይ ደግሞ «ዩ» ቆማለች፤ አንቺ፣ ያደረግሽው አንቺ። እሷ የምትሠራውም እንዳንቺው ጥፋት ሁሉ ወረቀት ላይ በሚሰፍርበት ቤት ነው። ስለዚህ የሰማችው ጥያቄ ሳይሆን «ማን አንሺው አለሽ?» ነው። መልሷም ያንኑ ነው የሚመስለው፤ የምሠራውን አውቃለሁ አለችሽ። ዎከሩ ጥግ የሄደበትን ምክንያት አልነገረችሽም። አየሽው? የመለሰችው ላልጠየቅሻት ጥያቄ ነው።

በአማርኛ ቢሆን ኖሮ አንቺ ራስሽ «ለምን አነሳሽው?» አትያትም ነበር። «እንዴ፣ ዎከሩስ?» ትያለሽ። ወይም «ምነው አነሳሽው የኔ እናት?»። «ለምን» ደረቅ ሲሆንብን «ምነው» አለችልን። «ምነው ጠፋህ?» የሚባል ሰው አይቆጣም፤ ይሳቀቃል፣ ይስቃል፣ ሥራ በዛብኝ ይላል። «ለምን ጠፋህ?» ግን የፖሊስ ጥያቄ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር ቃሏን ብቻ ይዘን እንሄድና ማሩን ድንበር ላይ ጥለነው እንመጣለን።

«ምነው»ን የምትመስላቸው «ሃው ካም» ናት። ይቺን ልጆችሽ ከትምህርት ቤት ይዘዋት ይመጣሉ። ጥሬ ትርጉሟ «እንዴት መጣ?» ነው፤ ነገሩ በየት በኩል ዞሮ እዚህ ደረሰ እንደማለት። ሰውየውን ትታ መንገዱን ትጠይቃለች። ለዚያ ነው የማትኮረኩረው። ጆን ራስል ባርትሌት የተባሉ ሰው በ1848 ባሳተሙት የአሜሪካ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ቨርጂኒያ ውስጥ በጥድፊያ «ሃካም» እየተባለች እንደምትነገር ጽፈዋል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ብዙ አበሻ በሚኖርበት በዚሁ ሰፈር ማለት ነው።

ሌላም ጥሩ ነገር አላት። ከ«ዋይ» በኋላ ቃላቱን ማገላበጥ ግድ ነው፤ «ዋይ ዲድ ዩ ሊቭ?» ይባላል። «ሃው ካም» ግን ዓረፍተ ነገሩን አትነካውም። «ሃው ካም ዩ ሌፍት?» ብሎ ማለፍ ነው። «ዱ» እና «ዲድ» ላይ ለሚደናቀፍ ሰው እረፍት ናት። ለአለቃ በሚጻፍ ኢሜይልና ፍርድ ቤት ውስጥ ግን አታስገቢያት። የቤት ልብስ ናት።

«ሃው ካም»ም ብትሆን ድምፅ ካበላሻት ትበላሻለች። «ሃው ካም ዩ ኔቨር ኮልድ ሚ?» የተባለ ሰው ወቀሳውን ይሰማታል። የኛም «ምነው ሳትደውልልኝ?» እንዲሁ ናት።

አሁን ያንን የተንጠለጠለ «ፎር» እንያዘው፤ ጥያቄሽ ውስጥ ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው።

«ዋት አር ዩ ዱዊንግ ዛት ፎር?» ውስጥ «ለምን» ለሁለት ተሰንጥቃለች። «ምን» ፊት ሄዳ «ለ» ኋላ ቀርታለች። መሀላቸው ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ገባ። አማርኛ ይህን አይችልም፤ «ለ» ብቻዋን መቆም አትችልም፣ ሁልጊዜ የሰው ጀርባ ላይ ናት። እንግሊዝኛ ግን ይችላል፣ ይወዳልም። በ1672 ገጣሚው ጆን ድራይደን ይህን ልማድ ነቅፎ ነበር። በ1762 ደግሞ ሮበርት ሎውዝ የተባሉ የሃይማኖት ሰው በሰዋስው መጽሐፋቸው ለከበደ ጽሑፍ አይመጥንም አሉ። የሚያስቀው፣ ቋንቋችን ወደዚህ ልማድ ያዘነብላል ብለው ሲጽፉ የራሳቸውንም ዓረፍተ ነገር በዚያው በተንጠለጠለ ቃል ነው የጨረሱት። እኔም ደሴ ላይ ለተማሪዎቼ «በዚህ ቃል ዓረፍተ ነገር አይዘጋም» ስል ነበር። እዚህ ስመጣ ሁሉም ይዘጉበታል።

ይቺ «ዋት... ፎር» ከ«ዋይ» የምትለየው ዓላማን ብቻ ስለምትጠይቅ ነው። ፈተናው ቀላል ነው። ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ እንበል። «ዋይ ዲድ ዘ ግላስ ብሬክ?» ይባላል፤ ስስ ስለነበረ ነው፣ ትኩስ ነገር ስለገባበት ነው። «ዋት ዲድ ዘ ግላስ ብሬክ ፎር?» ካልሽ ግን ይስቁብሻል። ብርጭቆው ምን አገኝ ብሎ ተሰበረ እንደማለት ነው። ዓላማ የሚኖረው አሳቢ ብቻ ነው።

ስለ ዕቃ ስትጠይቂ ደግሞ እጅግ ሰላማዊ ናት። «ዋት ኢዝ ዚስ በተን ፎር?» ቢሉሽ ቁልፉ ለምን ያገለግላል ነው፤ በቃ። ችግሩ ከዕቃ ወደ ሰው ስትዞር ነው። ሰውየው የሠራው ሥራ ጥቅሙ አልታይ አለኝ የሚል ነገር ትይዛለች። የሚያለቅስ ልጅ አስቢ። እናቱ ጎንበስ ብላ «ዋይ አር ዩ ክራይንግ?» ካለችው ምን አገኘህ እያለችው ነው። «ዋት አር ዩ ክራይንግ ፎር?» ካለችው ግን ብዙውን ጊዜ «ምን ያስለቅስሃል፣ ዝም በል» ነው። ልዩነቱ አንድ የተንጠለጠለች ቃል ናት።

ብቻዋን የቆመች «ዋት ፎር?»ም አለች። አለቃሽ «ቢሮዬ ነይ» ቢሉሽ ይቺን እንዳታወጪ። «ምን ልሁን ብዬ?» ትመስላለች። እንግሊዞች ጋ ደግሞ ስም ሆናለች፤ «አይል ጊቭ ሂም ዋት ፎር» ሲሉ «ልክ አስገባዋለሁ» ማለታቸው ነው። እንዲያው ከተግሣጽ ጋር ዝምድናዋ የት ድረስ እንደሄደ እንድታይው ነው ያነሳሁት።

ታዲያ ባልደረባሽ ስለ ትራሱ ስትጠይቅሽ እየወቀሰችሽ ነበር? አይመስለኝም። «አር ዩ ዱዊንግ» ነው ያለችው፤ ሥራው ገና በእጅሽ ላይ ነው። ያላለቀ ነገር ስለሆነ ጥያቄው በአብዛኛው የማወቅ ነው። ምናልባት ያንን ዘዴ አታውቀው ይሆናል። የሳቀችውም በእንግሊዝኛሽ አይደለም። «ፎር ዘ ፔሸንት» ስትያት የመለስሽላት «ለማን» ለሚል ጥያቄ ነው። ለታካሚዋ መሆኑን ማን አጣው? ለኔ ልትያት አይደል! «ዋት ፎር»ን የሚመልሰው ግብ ነው፤ እንግሊዝኛው በ«ቱ» ወይም በ«ሶ» ይጀምረዋል። «ሶ ሃር ሂልስ ዶንት ተች ዘ ቤድ» ብትያት አለቀ። ተረከዟ ፍራሹን እንዳይነካ። ባት ስር የሚገባው ትራስ ተረከዙን አየር ላይ አንሳፎ የአልጋ ቁስልን እንደሚከላከል አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። እኛ ግቡንም በ«ለ» ስለምንጀምር፣ «ለማረፍ»፣ «ለመከላከል» ስለምንል፣ «ፎር» ወደ አፋችን ቶሎ ይመጣል። አማርኛው ነው ያሳሳተሽ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ኤሊዛቤት አንስኮም የሚባሉ እንግሊዛዊት ፈላስፋ በ1957 ባሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ አንድ ጥያቄ አነሱ፦ ሆን ተብሎ የተደረገን ነገር ካልታሰበበት የሚለየው ምንድን ነው? መልሳቸው፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ማለት «ለምን?» ተብሎ ሊጠየቅ የሚችል ነው የሚል ነው። ደስ የሚለኝ የመልሶቹ አከፋፈል ነው። «እያደረግኩት መሆኔን አላወቅኩም ነበር» የሚል ሰው ጥያቄውን አልተቀበለውም፤ «ለምን» እሱ ጋ አይሠራም። «እንዲሁ ነው፣ ምንም ምክንያት የለኝም» የሚል ሰው ግን ጥያቄውን ተቀብሎታል። መልሱ ባዶ ሆነ እንጂ ጥያቄው ቦታውን አግኝቷል።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የኛው «ዝም ብዬ ነው» ናት። «ለምን ሄድክ?» «ዝም ብዬ»። አላበድንም፣ አልዋሸንም፤ ዓላማ ሳንይዝ አስበንበት ሄድን። እንግሊዝኛው «ጀስት ቢኮዝ» ይላል፣ ወይም «ኖ ሪዝን»። ሥራ ቦታ ላይ ግን ሁለቱንም አትጠቀሚ። ዝም ብዬ ነው ያለች ነርስ ወይም ረዳት ወረቀት ይወጣባታል።

«ዋይ» ከ«ዉድ» ጋር ስትመጣ ደግሞ መልኳ ይለያል። «ዋይ ዉድ ዩ ዱ ዛት?» ሰምተሽ ምክንያትሽን መዘርዘር ከጀመርሽ ተበላሽ። ጥያቄ አይደለችም። «ምን ቆርጦሽ?» ናት። «ዋይ ዉድ አይ ላይ?» ያለ ሰው «ምን ቆርጦኝ እዋሻለሁ?» እያለ ነው። «ሹድ» ስትገባ ደግሞ «ምን በወጣኝ» ትሆናለች፤ «ዋይ ሹድ አይ ፔይ?» ማለት ምን በወጣኝ እከፍላለሁ። ፍርድ ቤት ሳስተረጉም እነዚህን ሁለቱን በ«ለምን» ከፈታኋቸው ምስክሩ ያልጠየቀውን ጠየቀ ማለት ነው። ትርጉሙ ትክክል ሆኖ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። «ዋትስ ጋት ኢንቱ ዩ?» ግን እግዜር ይስጣቸው፣ ቁጭ «ምን ነካሽ?» ናት።

«ዋይ ዶንት ዩ ሲት ዳውን?» አታሳስብም፤ ግብዣ ናት። እኛም «ለምን አትቀመጪም?» እንላለን።

ጥርጣሬ ሲገባ ሌላ መዝገብ ይከፈታል። «ዋት አር ዩ አፕ ቱ?» ሁለት ፊት አላት። ቅዳሜ ጠዋት ጓደኛሽ በስልክ ከላከችልሽ ምን እየሠራሽ ነው ናት፤ ቡና ልትጠራሽ ነው። ልጆቹ ከጓዳ ድምፃቸው ሲጠፋ እናት ከሳሎን የምትጮኻት ግን «ምን እያሴራችሁ ነው?» ናት። «ሂ ኢዝ አፕ ቱ ሰምቲንግ» ካሉ ብዙውን ጊዜ ጥርጣሬ ነው፤ አንድ ነገር አስቧል። እንግሊዞች «ዋት አር ዩ ፕለይንግ አት?» ይላሉ፤ ጨዋታ የለበትም፣ ቁጣ ነው። አንድ ነገር በነጻ ሲቀርብ «ዋትስ ዘ ካች?» ይባላል፤ ከጀርባው ምን አለ? የሰውየው ጥቅም ካልታየ «ዋትስ ኢን ኢት ፎር ሂም?»። ንግግሩ ዙሪያ ጥምጥም ሲሆን «ዋት አር ዩ ጌቲንግ አት?» ይሉታል፤ ምን ለማለት ፈልገህ ነው? «ዋትስ ዩር ፖይንት?» ወደ ገደለው ግባ ነው። «ዋትስ ዘ ፖይንት?» ደግሞ ተስፋ መቁረጥ ነው፤ ምን ዋጋ አለው? የኔ ደንበኞች እነዚህን ሁለቱን ሲያምታቱ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ለየብቻ ያዣቸው።

ከሁሉም የከፋችው ጥያቄ ግን ጥያቄ የማትመስለው ናት። እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ወር ለቅሶ ልደርስ አንድ ሰፈር ገባሁ። የቤት ቁጥር እያነበብኩ በዝግታ እሄዳለሁ። ምሽት ነው፣ ጥቁር ኮት ለብሻለሁ። አንድ ሰው ከደጁ ወጥቶ «ካን አይ ሄልፕ ዩ?» አለኝ። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው አልኩ በልቤ። «ኖ፣ ታንክ ዩ» ብዬ ፈገግ አልኩለት፤ የሱንም ቤት ቁጥር ጎንበስ ብዬ አየሁት። አልገባም። ቆሞ ያየኛል። እኔም በሄድኩበት ሁሉ ዞሬ እጄን አወዛውዝለታለሁ። ለቅሶ ቤቱ ደርሼ ስናገር አንድ የቆየ ወዳጄ ሐዘኑን ረስቶ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። ሰውየው የጠየቀኝ «እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብሎ ነበር። ሱቅ ውስጥ ያቺው ቃል ልርዳዎት ናት። ደጅ ላይ፣ ግቢ ውስጥ፣ ሠራተኛ ብቻ በሚገባበት ኮሪደር ግን ምን ፈልገህ ነው ናት። መልሷም «ኖ» አይደለም፤ «አይም ሉኪንግ ፎር...» ብሎ የመጡበትን መናገር ነው።

ሐኪሞች ደግሞ «ዋት ብሪንግስ ዩ ኢን ቱዴይ?» ይላሉ። «ለምን መጣህ?» ማለት ነውር ስለሚመስላቸው ሰውየውን ከባለቤትነት አውርደው ያመጣውን ነገር ይጠይቃሉ። ሥራ እንደጀመርኩ ይህቺን «ዛሬ ምን አመጣዎት?» ብዬ ለአንዲት እናት አስተረጎምኳት። ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ምን አመጣሽ ነው የሚለኝ? ልጄ ነዋ ያመጣኝ! ባልመጣስ ደስ ባለኝ» አሉኝ። ሐኪሙ ይጠብቃል፤ እኔ ላብ በላብ። ከዚያ ወዲህ «ምን አሞዎት መጡ?» ነው የምለው። ያቺኑ «ዋት ብሪንግስ ዩ ሂር?» ድግስ ላይ ወዳጅ ከተናገራት ግን በአማርኛ የተዘጋጀ ልብስ አላት፤ «ምን እግር ጣለህ?»።

አየር ማረፊያ ላይ የሚጠየቀው «ዋት ኢዝ ዘ ፐርፐዝ ኦፍ ዩር ቪዚት?» ነው። የቪዛ ማመልከቻው ዲኤስ 160 ላይም የጉዞው ዓላማ የሚሞላበት ቦታ አለ። «ዓላማ» የሚለው ቃል ለኛ ከባድ ነው፤ ሰንደቅ ዓላማ፣ የሕይወት ዓላማ። ስለዚህ ሰዎቻችን ደንገጥ ይሉና ከአባት ከእናት ጀምረው ማብራራት ይጀምራሉ። መኮንኑ የሚፈልገው ሁለት ሦስት ቃል ነው። «ቪዚቲንግ ማይ ሲስተር»። ካስፈለገው ይቀጥላል።

ፖሊስ መኪና ሲያስቆም የሚላት አንዲት የታወቀች ጥያቄም ነበረች፤ ለምን እንዳስቆምኩህ ታውቃለህ? የምትል። ይህን የተጠየቀ ሰው ራሱ ላይ ይመሰክራል። ፍጥነት አብዝቼ ይሆን ይላል፤ ፖሊሱ ግን ያስቆመው ለመብራት ነበር። ካሊፎርኒያ ይህን ገለበጠችው። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በዚያ ግዛት ፖሊስ ስለ ጥፋቱ መጠየቅ ከመጀመሩ በፊት ያስቆመበትን ምክንያት ራሱ መናገር አለበት፤ ሕይወትን ወይም ንብረትን ከቅርብ አደጋ ለማዳን ካልሆነ በስተቀር። ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ታክሲ የምትነዱ፣ በስልክ በሚጠራው «ሊፍት» የምትሠሩም ይህን ያዙት። ሌላ ግዛት ያላችሁ ጥያቄዋን አሁንም ልትሰሟት ትችላላችሁ።

ወደ ባልደረባሽ ልመለስና ልጨርስ። ነገ ያው ነገር ቢገጥምሽ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እሷን አታስገቢያት። ዎከሩን አስገቢ። «ሃው ካም ዘ ዎከርስ ኦቨር ዜር?» በያት። ዎከሩ ምነው እዚያ ሆነ? ዎከር አይቆጣም። እሷም የምትከላከለው ነገር ስለሌላት ምክንያቱን ትነግርሻለች። ምናልባት ወለሉ ተወልውሎ እርጥብ ነበር፣ ምናልባት የልብስ ጋሪው አላሳልፍ ብሏት ነበር። ወለሉ ሲደርቅ ደግሞ ዎከሩን አንቺው መልሺው፤ እማማ ሌሊት ሲነሱ እጃቸው የሚፈልገው እሱን ነው።